ቤቴን ያሞቁልኝ የመንዝ ግንበኞች፦ ዓመት አይቼ የጻፍኩት

እነዚህ ግንበኞች ቤቴን ከሠሩልኝ ዓመት ሊሞላ ነው። ቤቴ የገባ ሁሉ ስልካቸውን ይጠይቀኛል። ስልኩን እሰጣለሁ፤ ግን ለየሰዉ ቆራርጬ ከማወራ የሠሩትን፣ የጎደለባቸውንና ያስወጡኝን አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። እስካሁን ያቆየሁትም አውቄ ነው። የጭቃ ሥራ ክረምት ሳይመታው፣ የሙቀት ሥራ ደግሞ የታኅሣሥ ውርጭ ሳያልፍበት አይመሰገንም።

ቤቱ እንደ አብዛኛው የደብረ ብርሃን አዲስ ቤት ነው። ግድግዳው የ20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ቺፑድ፣ ፊቱ ወደ መንገድ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በጋ ሲገባ ሰማዩ ይጠራል፤ ቀን የተሰበሰበው ሙቀት ሌሊት የሚይዘው ደመና የለም፣ በክዳኑ በኩል ሽቅብ ይወጣል። ቆርቆሮ ደግሞ ከፀሐይ ጋር ይግላል፣ ከፀሐይ ጋር ይበርዳል። በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ ንጋት 12 ሰዓት ላይ እማዬ የምትተኛበት ክፍል ውስጥ የሰቀልኩት ቴርሞሜትር 7 ዲግሪ አሳየኝ። ከኮርኒሱም ጠብ ጠብ ይል ነበር። ዝናብ አልነበረም። የራሳችን ትንፋሽና የማድቤቱ እንፋሎት ወደ ላይ ወጥቶ፣ ከቀዝቃዛው ቆርቆሮ ሲገናኝ ውሃ ሆኖ እየተመለሰ ነው።

እኔ 31 ዓመት በነርስነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። እማዬ 81 ዓመቷ ነው፤ በብርድ ጊዜ ሳሉ አያስተኛትም። እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ እኛም ማታ ማታ ማንደጃ አስገብተን እንሞቅ ነበር። ከሰል ሲወደድ ኩበት። ኩበቱ ከማሳ የተወሰደ ማዳበሪያ መሆኑን የገበሬ ልጅ ስለሆንኩ አውቃለሁ፤ እያወቅሁ አነደድኩት። የከሰሉን ጉዳይ ደግሞ ከማንም በላይ ማወቅ ያለብኝ እኔ ነበርኩ። አንድ የኅዳር ሌሊት ተረኛ ሆኜ፣ ክፍላቸውን ዘግተው ማንደጃ አጠገባቸው አድርገው የተኙ ሁለት ወጣቶች መጡ። አንዱን አተረፍነው፣ አንዱን አላተረፍነውም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ ደም ላይ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሄዳል። ይህን አይቼ የራሴን እናት ክፍል በፍም ማሞቄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ለሥራው ያስነሳኝም እሱ ነው።

መጀመሪያ ያማከርኩት ሰው ሁለት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ግዢ አለኝ። ገዛሁ። አጠገቡ ሲሆኑ ያቃጥላል፣ ሲጠፋ ክፍሉ በሩብ ሰዓት ወደ ብርዱ ይመለሳል፣ መብራት ከሄደ ደግሞ ምንም የለም። የሚያፈስ እንስራ መሙላት ነበር ሥራችን።

የመንዞቹን ያገኘኋቸው በዘመድ በኩል ነው፤ አምስት ናቸው፤ ዋናው ግንበኛ በዕድሜ ይበልጡኛል። የመጡ ዕለት ሜትር እንኳ አላወጡም። «ሲስተር፣ ጧፍ ይኖራል?» አሉኝ። እማዬ ለኪዳን የምታበራውን ሰጠቻቸው። በሩንም መስኮቱንም ዘግተው፣ ጧፉን ለኩሰው በየጥጉ ይዞሩ ጀመር። በሩ ሥር ሲደርሱ ነበልባሉ ተጋደመ። የመስኮቱ ክፈፍ ጋ ተርገበገበ። ግድግዳውና ክዳኑ በሚገናኙበት፣ መሰላል ላይ ወጥተው ሲያስጠጉት ጭራሽ ጠፋ። ሦስቴ ለኩሰው ሦስቴም ጠፋ። «አዩ፣ ከሰሉን የሚገዙት ለዚህ ነፋስ ነው» አሉኝ። «መጀመሪያ ቀዳዳውን፣ ቀጥሎ ክዳኑን፣ ግድግዳውን መጨረሻ እናያለን።» ይህን ቅደም ተከተል ያዙልኝ። ከርካሹ ጀምሮ ወደ ውዱ ነው፤ ብዙ ጥቅም የሚያመጣውም ርካሹ ነው። በሩ ሥር ጎማ መምታትና የክዳኑን ጠርዝ በጭድ ጭቃ መድፈን በሦስት ቀን አለቀ፤ ለውጡ ግን በዚያው ሳምንት ታወቀን።

ለክዳኑ የመረጡት የመንዝ በግ ጠጉር ነው። መጀመሪያ ተጠራጠርኩ። ዋናው ግንበኛ ግን የአያቴን ቤት አስታወሱኝ። መንዝ ያደገ ያውቀዋል፤ የድንጋዩ ግድግዳ ክንድ ይሞላል፣ ክዳኑ ወፍራም የጓሳ ሣር ነው። የጓሳን ሣር ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባለው የጥንት የጋራ ጥበቃ ሥርዓት እየጠበቀ፣ ጊዜ ቆጥሮ የሚያጭደው ለከንቱ አልነበረም። ሣሩ ራሱ አይሞቅም፤ በመካከሉ የያዘው የማይንቀሳቀስ አየር ነው ሙቀቱን የማያሳልፈው። ድንጋዩ ደግሞ ሌላ ሥራ አለው፤ ሙቀቱን ተቀብሎ ያስቀምጣል እንጂ አይከለክልም። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ቤቱ የሚሞቀው። የበግ ጠጉርም እንደ ሣሩ አየር ይይዛል፤ ትንሽ እርጥበት ቢያገኘው እንኳ ሥራውን አያቆምም።

ወደ 90 ኪሎ ጠጉር ገዛን። ግቢው ሙሉ በግ በግ ሸተተ። በሙቅ ውሃና በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጠበ፤ የመጀመሪያው ውሃ እንደ አጥሚት ወፍሮ ነበር። ከዚያ ብል እንዳይበላው ቦራክስ በተሟሟበት ውሃ ተነክሮ ሸራ ላይ ተሰጣ። አብረዋቸው የሚሠሩት ልጆች በእጃቸው ሲነጩት እማዬ ከበረንዳው ተነስታ መጣች። በወጣትነቷ ባና የሚሠራበትን ጠጉር ስትፈትል የኖረች ናት። «እንዲህ አይባዘትም ልጆቼ፣ ደጋን አምጡ» አለች። ደጋን ከጎረቤት ተውሰው አመጡላት። ቁጭ ብላ ጅማቱን ስትመታው ድብልብል ያለው ጠጉር እንደ ደመና ተነሳ። ዋናው ግንበኛ ኮፍያቸውን አወለቁና «እማማ፣ ከዛሬ ጀምሮ አለቃዬ ነዎት» አሏት። እናቴ በዚያ ሳምንት አንዴ እንኳ ስለ ጉልበቷ አላወራችም።

አነጣጠፉም የታሰበበት ነው። የድሮው ቺፑድ ወርዶ ኮምፐርሳቶ ተመታ፤ እላዩ ላይ ላስቲክ፣ ከዚያ አንድ ስንዝር የሚሆን ጠጉር። ላስቲኩ ከታች የሆነው የቤቱ እንፋሎት ጠጉሩ ውስጥ እንዳይገባ ነው። በጠጉሩና በቆርቆሮው መካከል አየር የሚያልፍበት ክፍተት ተትቷል። ዘንድሮ አንድም ጠብታ አልወረደም።

የግድግዳው ሥራ በምሥራቅ በኩል ብቻ ነው፤ ከቁልቁለቱ ጫፍ የሚነሳው ነፋስ የሚመታው እሱን ነው። ከውጭ በኩል ጠርብ ተመቶበት የጭድ ጭቃ ተመረገ። አፈሩን ግቢዬ ካለው መረሬ፣ ከጥቁሩ አፈር፣ አልወሰዱም፤ መረሬ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቀይ አፈር በጋሪ አስመጡ። ከጤፍ ጭድ ጋር ሁለት ሳምንት ተቦክቶ፣ በየማለዳው ተረግጦ፣ መጨረሻው በኖራ ተለቀለቀ። ሲሚንቶ በ1,450 ዲግሪ ገደማ እቶን ውስጥ የሚጋገር ነገር ነው፤ ጭቃው ግን ከእግርና ከፀሐይ በቀር እሳት አላየም።

ደቡቡ ግድግዳ ላይ ደግሞ መስኮት አስከፈቱኝ፤ እዚህ ነው እኔም የተማርኩት። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይ በእኛ ሰማይ ወደ ደቡብ ታጋድላለች፤ ከአድማሱ 57 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍታዋ። በሰኔ ደግሞ ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ስለዚህ ደቡብ የሚያይ መስኮት ፀሐይ የሚገባው ልክ ብርዱ በሚጠናበት ወራት ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ብርሃን ታየ ብሎ የሰየማት ከተማ ውስጥ ቤታችንን ሁሉ ለመንገድ ብለን ከፀሐይ ማዞራችን ያሳዝነኛል። መስኮቱ ባለ ሁለት መስታወት ነው። ከሥሩ የነበረው ፕላስቲክ ምንጣፍ ተነስቶ ጥቁር ድንጋይ ተነጠፈ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ባዶ እግሬን ስቆምበት ለብ ያለ ነው።

አሁን የጎደለውን። ስድስት ሳምንት የተባለው ሥራ አሥራ አንድ ሳምንት ፈጀ። በመጋቢት ጀምረው ሰኔ ገባ፤ የመጨረሻው ምርጊት ሳይደርቅ ዝናብ ደርሶበት ከታች ወደ ክንድ የሚሆን ተልጦ ወደቀ። ከክረምት በኋላ መጥተው በነጻ መልሰውታል። ከመስኮቱ አንዱ መስታወት በመካከሉ ጭጋግ ያዘ፤ ጠርዙ በደንብ አልታሸገም ነበር። እሱን ለማስቀየር ሁለት ወር ደወልኩ።

ይህን ሁሉ እችለዋለሁ። አንዱን ግን አጥብቄ ተቆጥቻለሁ፣ አሁንም የምጽፈው ተቆጥቼ ነው። ቀዳዳውን ሁሉ ሲደፍኑ አየር መውጫ አልተዉም። የሚያፈሰው ቤት ከሰል ሲነድበት ቢያንስ በነፋሱ ይተነፍስ ነበር፤ የተደፈነ ቤት ውስጥ ያው ማንደጃ ገዳይ ነው። ሥራው አለቀ ተብሎ ቀሪ ክፍያ ሲጠየቅ፣ ዋናውን ግንበኛ አስቀምጬ ያንን የኅዳር ሌሊት ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። «እኛ አገር ሣሩ ራሱ ይተነፍሳል፤ ይህን አላሰብኩትም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። በማግስቱ ሁለት ቀዳዳ በሱ፤ አንዱን ከወለሉ አጠገብ፣ አንዱን በተቃራኒው ግድግዳ ከኮርኒሱ ሥር። አይጥ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ አለበሱት። ትንሽ ሙቀት ይወጣበታል፤ ይውጣ። ቡናም የምናፈላው በረንዳ ላይ ነው፤ ማንደጃ ከደጃፉ አያልፍም።

በዘንድሮው ታኅሣሥ፣ ውጭ ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ባደረበት ንጋት፣ በእማዬ ክፍል ያነበብኩት ዝቅተኛው 14 ዲግሪ ነው፤ ያለ ምንም እሳት። ሙቅ አይባልም፤ ጋቢ ያስፈልጋል። ግን ካለፈው ዓመት እጥፍ ነው፣ አልጋዋም አይረጥብም። ሳሏ አልጠፋም፤ ሌሊት ተኝታ ታድራለች።

በድምሩ 214 ሺህ ብር ወጣብኝ። ትልቁ ወጪ መስኮቱ ነው፣ 61 ሺህ። ጠጉሩ ከነማጠቢያው 18 ሺህ። በወር ሁለት ማዳበሪያ ከሰል እንገዛ ነበር፤ አሁን አንድ ማዳበሪያ ለቡና ብቻ ከኅዳር እስከ ጥር ዘለቀ። በከሰል ዋጋ ብቻ ገንዘቤ በቅርብ ይመለሳል ብዬ አልዋሻችሁም። አቅም ያነሰው ቀዳዳ መድፈኑንና ክዳኑን ብቻ ያሠራ፤ እኔ ደግሜ ብሠራ ከእነዚህ ነው የምጀምረው።

ሥራቸውን ወድጄዋለሁ፣ ለእህቴም እነሱኑ ነግሬላታለሁ። የምትጠሯቸው ከሆነ በጥቅምት ጥሯቸው፤ ጭቃው እስከ የካቲት ተመርጎ ይድረቅ። የቆይታውን ጊዜ ውል ላይ አስፍሩ። ጧፉን አብርተው በየጥጉ ሲዞሩ አብራችሁ ዙሩ። ቀሪውን ክፍያ ደግሞ ሁለቱ አየር መውጫዎች ተበስተው፣ እጃችሁን አስጠግታችሁ ነፋሱን ሳታረጋግጡ አትክፈሉ።