ዘጌ ወይስ ጮቄ?

ጎጃም መጥቶ ብርቅ ዕፅዋት ማየት ለሚፈልግ እንግዳ ሁለት ቦታ እጠቁማለሁ።

ዘጌ የጣና ሐይቅ ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። ደኑ ከገዳማቱ ጋር የኖረ ነው። በሬ ጠምዶ ማረስ እዚያ በልማድ ክልክል ነው። በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ይበቅላል። ሦስቱንም የሰጡን የዘጌው ጻድቅ አቡነ በትረ ማርያም ናቸው ይላል ያገሬው ሰው። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልማችሁ ሥዕሎቿን ታያላችሁ፤ ከዚያ ቡና። (ባለጀልባው ቢያጣድፋችሁ አትስሙት።)

የጮቄ ተራራ ሌላ ዓለም ነው። ከፍታው ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። እዚያ የሚወጣው ጅብራ የሚባለውን ግዙፍ ተክል ለማየት ነው። ጅብራ ከኢትዮጵያ ውጭ አይበቅልም። ለዓመታት ቅጠሉን ዘርግቶ ይቆይና በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል። አበባው ከሰው ቁመት በላይ ተመዞ ይወጣል፤ ዘሩን በትኖ ይደርቃል። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት በክረምት ነበር። ጉም ብቻ አይቼ ተመለስኩ፤ የጫማዬ ሶልም ጭቃው ውስጥ ቀረ።

ሕፃን ወይም ሽማግሌ ይዛችሁ ከሆነ ዘጌ፤ አያከራክርም። ጉልበት ካላችሁ ግን እኔ ለጮቄ አደላለሁ። ጋቢ እንዳትረሱ።