ባቲና ደሴ ላይ ጠገራ ብር የምትገዙ፣ ለ«1780» ብላችሁ አትክፈሉ

ሰኞ ባቲ ገበያ ወርዳችሁ ወይም ደሴ ላይ በሰው በሰው ጠገራ ብር የምታፈላልጉ ካላችሁ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይቺን አንብቧት። ሻጩ «የ240 ዓመት ዕቃ ነው፣ ይኸው ዓመቱ ተጽፎበታል» ብሎ ዋጋ ከቆለለ ለብሩ ብቻ ሳይሆን ለወሬውም ልትከፍሉ ነው።

1780 በአውሮፓ አቆጣጠር ጠገራው ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያ ገዥ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ጠገራው በየዘመኑ ሲታተም ዓመቱ አልተቀየረም። ጣልያን ለወረራዋ ብላ በዚያው በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1935 ጀምሮ ሮም ላይ አሳትማዋለች፤ ለንደንና ቦምቤይም አትመዋል፤ ቪየና እስከ ዛሬ ታትማለች። ድሮ ሰንጋ የተሸጠበትም ትናንት የወጣውም ላያቸው ላይ ያው 1780 ነው። ተራው ጠገራ 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም ገደማ ነው። ወርቅ ቤት የዕለቱን የብር ግራም ዋጋ ጠይቃችሁ በ23.4 አባዙት። ትክክለኛው ዋጋ ከዚያ ብዙ አይርቅም።

«ከሰገሌ ጦርነት በኋላ ከወሎው ንጉሥ ሚካኤል ግምጃ ቤት የወጣ» የሚል ታሪክም ይመጣላችኋል። እንዲህ ያለውን ጨዋታ ደሴ ላይ ቡና ይዞ መስማት ከአሰሳው ደስታ ግማሹ ነው፤ ስሙት። ግን ጠገራ ላይ የባለቤት ስም አይጻፍምና በታሪኩ ልክ አትክፈሉ።

ይህ ሁሉ ብሩ እውነተኛ ሲሆን ነው። የባሰው ፎርጅዱ ነው። ሻጩ ራሱ ማግኔት አውጥቶ «አብሽር፣ ሞክረው» ካለ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ማግኔት የሚይዘው ብረቱን ነው፤ መዳብና ነሐስን አይነካም፣ ፎርጅዱ ደግሞ በአብዛኛው ከእነሱ ነው የሚሠራው፣ ላዩን ብር ይቀባል። ክብደቱንም አስተካክለው ይሠሩታል። የማያስተካክሉት መጠኑን ነው፤ መዳብም ነሐስም ከብር ስለሚቀሉ 28 ግራም ለመሙላት መወፈር ወይም መስፋት አለባቸው።

ስለዚህ 0.1 ግራም የሚያነብ የወርቅ ሚዛን ያዙ። ግማሽ ድረስ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት። ጠገራውን በቀጭን ክር አስራችሁ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉት፤ ታቹንም ጎኑንም እንዳይነካ። ሚዛኑ የሚያነበው ጠገራው የገፋውን ውሃ ክብደት ነው፤ እውነተኛው ከ2.7 እስከ 2.8 ግራም ያነባል። 3.1 ካለ መዳብ፣ 3.3 ገደማ ካለ ነሐስ ነው። እርሳስ የተቀላቀለበት ደግሞ ከ2.7 ሊወርድ ይችላል። አረፋ ከተጣበቀበት ቁጥሩ ያሳስታልና ክሩን ነቅነቅ አድርጉት።

ሚዛን ከሌላችሁ ጠርዙን እዩ። ዙሪያውን ከፍ ብለው የወጡ የላቲን ፊደላት አሉ። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ከሆነ ፊደላቱ ይደፈናሉ፣ በመሃላቸው የመጋጠሚያ መስመር ይታያል፣ ፊቷም ላይ እንደ አሸዋ የተቦረቦረ ነገር አይጠፋም። ትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ ሉሎች አንድ ባንድ ሊቆጠሩ ይገባል።

የምኒልክ ብርም እንዲሁ ነው፤ አንድ ብሩ 28፣ አላዱ (ግማሽ ብሩ) 14፣ ሩቡ 7 ግራም ነው። እሱ ላይ ፎርጅዱ የሚጋለጠው በግዕዙ ቁጥርና «ዘእምነገደ ይሁዳ» በሚለው ጽሑፍ ቀጫጭን ጭረቶች ነው። ማንጠልጠያ የተበየደበትን የአንገት ጠገራ ግን በክብደት አትፍረዱት፤ ብየዳው ራሱ ይመዝናል። ሲገዙት የጠቆረውንም በአመድና በሎሚ አትፈትጉ፤ ሰብሳቢ የሚፈልገው ያንን ጥቁረት ነው።

የብራና መጽሐፍ ወይም የደብር መስቀል አብሮ ብቅ ካለ ዋጋም አትጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚጠበቅ ቅርስ ነው።

በጥቅል አሥር ከቀረበላችሁ ሻጩ መርጦ የሰጣችሁን አንዷን ብቻ አትመዝኑ፤ ከመሃል ራሳችሁ አውጡ፣ አሥሩንም አንድ ባንድ ውሃ ውስጥ አስገቡ። «ውሃ ያበላሸዋል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ብርን ውሃ አያበላሸውም፤ ጥላችሁለት ሂዱ።