ሞንተፊዮራሌ ወይስ ቮልፓያ?

ሁለቱም በጣሊያን ቶስካና፣ በኪያንቲ ክላሲኮ የወይን አገር ኮረብታ ላይ የተቀመጡ ጸጥ ያሉ የድንጋይ መንደሮች ናቸው። ምርጫውን የሚወስነው መኪና ነው።

መኪና ለሌለው ሞንተፊዮራሌ ይሻላል። ከፍሎሬንስ ከመንደሩ ሥር እስካለችው ግሬቬ ከተማ ድረስ አውቶቡስ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት የእግር ዳገት አለ። እሁድ አውቶቡሱ ስለሚሳሳ የመመለሻውን ሰዓት አስቀድሞ ማየት ይበጃል። መንደሩን የሚዞረው ጠባብ መንገድ ግን ቶሎ ያልቃል።

መኪና ያለውና ወይኑን ማወቅ የፈለገ ቮልፓያ ይሂድ። ከራዳ ከተማ 7 ኪሎ ሜትር፣ ከባሕር ጠለል ከ600 ሜትር በላይ ነው፤ ቅዝቃዜው ፍሬውን ስለሚያዘገየው ወይኑ ኮምጠጥ፣ ቀለል ይላል። መንደሩ ራሱ ወይን መጥመቂያ ነው ማለት ይቻላል፦ በርሜሎቹ በየአሮጌው ቤት ተበታትነው፣ ወይኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ከመንገዱ ንጣፍ ሥር በተቀበረ ቧንቧ ይሄዳል። ጉብኝቱን ቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል። ችግሩ መመለሻው ነው፤ መንገዱ ጠመዝማዛ፣ ሕጉም ጥብቅ ነው። ለአሽከርካሪ የተፈቀደው በሊትር ደም እስከ 0.5 ግራም አልኮል፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣ 3 ዓመት ላልሞላው ደግሞ ዜሮ ነው። ስለዚህ ሹፌሩ ቀምሶ ይትፋ፤ እዚያ ነውር አይደለም።