በጅማ የአራስ ልጆችን ዳሌ ለምታይልን ባለሙያ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ስሜ እንዳይነሳ ስላለችን ስሟን አንጠራም። ጅማ ውስጥ ዳሌው ወልቆ እንዳይሆን ብሎ ለአራስ ልጁ የዳሌ አልትራሳውንድ ያሠራ ወላጅ ግን ማንን እንደምናመሰግን ወዲያው ያውቃል፤ የጄል ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ የምትጠብቀዋ ናት። በአዋላጅነት፣ በሕፃናትና በአጥንት ሕክምና የምንሠራ ባልደረቦቿ ነን። ወላጆችም፣ ልጅ የሚልኩላት ጤና ጣቢያዎችም ሥራዋን በደንብ እንዲያውቁት ብለን ጻፍን።

አዲስ የተወለደ ልጅ የጭን አጥንቱ ራስ ገና አጥንት አይደለም፤ እንደ ጆሮ ጫፍ ለስላሳ የሆነ ልም አጥንት ነው። መሐሉ ላይ የአጥንት ፍሬ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት ራጅ ብዙም አይነግርም። አልትራሳውንድ ግን ልም አጥንቱን አልፎ ያያል። ኦስትሪያዊው የአጥንት ሐኪም ራይንሃርት ግራፍ በ1980 እ.ኤ.አ. ባወጡት ዘዴ የዳሌው ጎድጓዳ ቁልቁለት ይለካል፦ የአልፋ ማዕዘኑ 60 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከ50 እስከ 59 ሆኖ ልጁ ከ3 ወር በታች ከሆነ ክትትል ይበቃዋል፤ ከ43 በታች ከወረደ የጭኑ ራስ ከቦታው ሸሽቷል ማለት ነው። ባለሙያዋ ይህን የምትለካው የዳሌ አጥንቱ መስመር ቀጥ ብሎ፣ የጎድጓዳው የታችኛው ጫፍና ከላይ ያለው ከንፈር ሦስቱም ባንድ ምስል ላይ ሲታዩ ብቻ ነው። ፕሮቡ (ቆዳ ላይ የሚያርፈው የማሽኑ መመርመሪያ) ትንሽ ካዘመመ ማዕዘኑ ይሳሳታል፤ ጤነኛው ልጅ በሽተኛ፣ በሽተኛው ጤነኛ ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ ሌላም ባለሙያ ይሠራዋል። እሷን በተለይ የምናመሰግንበት ግን የደም ዝውውሩን ማየቷ ነው።

የጭኑን ራስ በዋናነት የሚመግበው ከጭን ደም ሥር ተገንጥሎ በውስጥ በኩል ወደ ኋላ የሚዞር ቀጭን ሥር ነው። እግሩ ከመጠን በላይ ወደ ጎን ሲከፈት ይህ ሥር ይጨመቃል። ስለዚህ የወለቀ ዳሌን ወደ ቦታው የሚመልሰው የፓቭሊክ ማሰሪያ ራሱ፣ አለአግባብ ከታሰረ፣ ቦታው ላይ የተቀመጠውን ራስ ደም ሊያስርበው ይችላል። ጉዳቱም ቶሎ አይታይም። የጭኑ ራስ ወደ ቦታው ከተመለሰ ዓመት ሞልቶት የአጥንት ፍሬው አልወጣ ሲል ነው በራጅ የሚታወቀው፤ ያኔ ደግሞ መመለሻ የለውም። ቀደም ብሎ ፍንጭ የሚሰጠን ዶፕለር፣ ማለትም የደም ፍሰትን የሚያሳየው የአልትራሳውንድ ዘዴ ነው።

አሠራሯ እንዲህ ነው። ልጁ መጀመሪያ ይጠባል፤ የጠገበ ልጅ አይንፈራገጥም። ክፍሉ ይሞቃል፤ በተለይ በክረምት የጅማ ጠዋት ልብሱ የወለቀ ሕፃን ይንቀጠቀጥና ምስሉን ያበላሸዋል። ዳይፐሩ ባንድ በኩል ብቻ ይከፈታል፣ ልጁ በጎኑ ይተኛል፣ እናት ትከሻውን ትይዛለች። ፕሮቡ ሊኒየር (ፊቱ ቀጥ ያለ) ነው፣ 7.5 ሜጋ ኸርዝ ወይም ከዚያ በላይ። ትንሿን ጣቷን ጭኑ ላይ አሳርፋ ፕሮቡን ታንሳፍፈዋለች፤ በቆዳውና በፕሮቡ መሐል ቀጭን የጄል ሽፋን ስክሪኑ ላይ ካልታየች እየተጫነች እንደሆነ ታውቃለች። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የአራስ ልጅ ሥር በእጅ ክብደት ብቻ ይዘጋል።

ከዚያ ፓወር ዶፕለር ትከፍታለች። ከተራው ቀለም ዶፕለር ይልቅ ቀስ ብሎ የሚሄድን ደም ያሳያል፤ የደሙን አቅጣጫ ግን አይነግርም፣ ለዚህ ሥራም አያስፈልግም። ስኬሉን (የሚታየውን የፍሰት ፍጥነት ልክ) ከ1 ኪሎ ኸርዝ በታች ታወርዳለች፣ የግድግዳ ማጣሪያውን (ቀርፋፋ እንቅስቃሴን የሚያስቀረውን) ዝቅተኛው ላይ ታደርጋለች፣ ቀለሙ የሚታይበትን ሳጥን የጭኑን ራስና አንገቱን ብቻ እንዲሸፍን ታጠበዋለች፤ ሳጥን በሰፋ ቁጥር ምስሉ ይጎተታል። ጌኑን (የምልክቱን ማጉያ) ሳጥኑ ሙሉ በነጠብጣብ እስኪሞላ ትጨምርና ነጠብጣቡ እስኪጠፋ ብቻ ትቀንሳለች። ዶፕለር ከግራጫው (ከተራው አልትራሳውንድ) ምስል የበለጠ ኃይል ስለሚለቅ አስቀድማ ሁሉን በግራጫው ታስተካክላለች፣ ሳጥኑን የምትከፍተው ለአጭር ጊዜ ነው።

ያኔ በግራጫው ክብ ውስጥ እንደ ፍም ፍንጣሪ ጥቃቅን ብርሃን ብልጭ ድርግም ይላል። እውነተኛ የደም ፍሰት ባንድ ቦታ፣ በልብ ምት ልክ ይመላለሳል፤ የአራስ ልብ በደቂቃ ከ120 እስከ 160 አካባቢ ይመታልና ሞገዱን አውጥታ ታረጋግጣለች። ልጁ ሲንቀሳቀስ ሳጥኑን ባንዴ የሚሞላው ቀለም ደም አይደለም፣ ውዥንብር ነው። ቀጥላ እግሩን በተለመደው አቀማመጥ፣ ከዚያ ቀስ አድርጋ እየከፈተች ታያለች፤ ፍንጣሪው የሚደበዝዝበትን ቦታም ትጽፋለች። ማሰሪያ ያደረገ ልጅ ከሆነ ማሰሪያውን ሳትፈታ፣ እግሩንም ሳትጎትት ነው የምታየው። ልጁ ውሎ የሚያድርበት አቀማመጥ እሱ ነዋ።

ሪፖርቷ ላይ «ፍሰት አልታየም» ብላ ከጻፈች «ደም የለም» ማለቷ አይደለም፤ ልዩነቱን ራሷ በጉልህ ታሰፍረዋለች። ስኬሉ ከፍ ብሎ ከሆነ፣ ፕሮቡ ተጭኖ ከሆነ፣ ልጁ ብርድ ይዞት ከሆነ ጤነኛ ዳሌም ባዶ ይመስላል። ስለዚህ በዚያው ቅንብር ሌላኛውን ዳሌ ታያለች፤ ሁለቱም ባዶ ከሆኑ ጥፋቱን መጀመሪያ ከማሽኑ ትፈልጋለች። መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ሲነሳ ቅንብሩ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል፤ ይህን የማያስተውል ሰው ጠዋት ያየውን ከሰዓት አያገኘውም። እሷ የስኬሉን፣ የማጣሪያውንና የጌኑን ቁጥር ሪፖርቱ ላይ ስለምትጽፍ የዛሬው ምርመራ ከሁለት ሳምንት በኋላው ጋር ይነጻጸራል። እኛ ሐኪሞቹ የምንመካው በዚህች አንድ መስመር ጽሑፍ ነው።

ዶፕለር ለሁሉም ልጅ አያስፈልግም፣ እሷም አታዝዝም። ዳሌ መውለቁን ለማወቅ በእጅ የሚደረገውን የኦርቶላኒና የባርሎው ምርመራም ሆነ የግራፍን ልኬት አይተካም። ትኩሳት ያለበትና አንድ እግሩን አላንቀሳቅስ ያለ ሕፃን ደግሞ ዶፕለሩ ደህና ቢመስልም በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል መግባት አለበት፤ የመገጣጠሚያ ምርቀዛ በዶፕለር አይወገድም።

በመቀመጫው የመጣ ልጅ፣ ከቤተሰቡ የዳሌ ውልቃት ያለበት፣ የእንሽርት ውሃ ያነሰው፣ በተለይም ሴትና የመጀመሪያ ልጅ ከሆነች መታየት አለባቸው። የግራ ዳሌ ይበልጥ ይጠቃል። አዋላጆች ሆይ፣ በእጅ ስትመረምሩ የጭኑ ራስ ዶክ ብሎ ሲገባና ሲወጣ ከተሰማችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ላኩ፤ ቀጭ የምትል ደረቅ ድምፅ ብቻዋን ግን አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አይደለችም። ሌሎቹን ለ45 ቀን ክትባት ሲመጡ አገናኙልን። ከዚያ በፊት መገጣጠሚያው በተፈጥሮው ላላ ስለሚል ብዙ ጤነኛ ልጅ በከንቱ ይጠረጠራል።

ማሰሪያ ላደረጉ ልጆች እናቶች፦ የፊተኛው ጠፍር ጭኑን ከ90 እስከ 100 ዲግሪ ያጥፈዋል፤ የኋለኛው እግሩ ወደ መሐል እንዳይገባ ለማገድ ነው እንጂ ለመጎተት አይደለም። ጉልበቶቹን በቀስታ ስታቀራርቡ በመካከላቸው ሁለት ሦስት ጣት የሚያህል ክፍተት ብቻ መቅረት አለበት። ጨርሶ የማይቀራረቡ ከሆነ ጠብቋል፤ ልጁ በየሳምንቱ ስለሚያድግ ትናንት ልክ የነበረው ዛሬ ይጠብባል። ልጁ ጉልበቱን መዘርጋት ካቆመ የጭን ነርቭ ተጨንቋል፣ በዚያው ቀን አምጡት። በ3 ወይም በ4 ሳምንት የጭኑ ራስ ቦታው ካልገባ ማሰሪያውን መቀጠል ጎድጓዳውን ይፍቀዋል፤ ሌላ መንገድ ይፈለጋል።

እግሮቹን አስተካክሎ ግጥም አድርጎ መጠቅለል ለዳሌ አይበጅም። አንቀልባ ግን ጥሩ ነው፤ ጭኖቹ ተከፍተው እናት ጀርባ ላይ ያርፋሉ። ወጌሻ ዘንድ ወስዶ ማሳሸትና ማስጎተት ይቅር፤ ያ ቀጭን ሥር የሚጎዳው እንዲህ ባለ ጉተታ ነው።

ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከሰርቦ የምትመጡ ቀድማችሁ ደውሉ፣ ተራ ታስይዛችኋለች። ሁለት ዳይፐር፣ የወሊድ ካርዱንና የቀድሞ ሪፖርት ካለ ያዙ፣ በር ላይ ልጁን ጡት አጥቡትና ግቡ። ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን።