የመጀመሪያው የስፔን ሸክላ፦ ኒኖ ብራቮ ወይስ ሴራት?

የስፔንን የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ዘፈን መውደድ የጀመረ ሰው ገንዘቡን ይዞ ሸክላ ቤት ሲገባ ግራ ይጋባል። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት "የዘመኑ ምርጥ ዘፈኖች" የሚል ርካሽ ሲዲ ነበር። ቤት ገብቼ ስከፍተው ዘፋኞቹ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደገና የተቀረጹት ሆኖ አገኘሁት፤ የዚያን ሁሉ ቫዮሊን ቦታ አንድ ኪቦርድ ይዞታል። ከሽፋኑ ጀርባ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነበር፤ ሻጩ ግን አንድም ቃል አልተነፈሰም። ሌላ ሰው እንዲህ እንዳይከስር ስለምፈልግ ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን እጽፋለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ፣ "አንደኛ የወጣ" የሚለው ማስታወቂያ ብቻውን አያስገዛችሁ። ካዴና ሴር የተባለው የሬዲዮ ድርጅት "ሎስ ኳሬንታ ፕሪንሲፓሌስ"፣ ማለትም "አርባዎቹ ዋናዎች" የተሰኘውን ፕሮግራም የጀመረው በ1966 ነው። ደረጃውን የሚያወጣው ጣቢያው ራሱ ነበር። አምባገነኑ የስፔን መሪ ፍራንኮ እስከ 1975 በሥልጣን ላይ ስለነበረ ደግሞ ግጥም ሁሉ በሳንሱር ወንፊት ያልፋል። ስለዚህ ለገዢ የሚሻለው መለኪያ ስፔናውያን ዛሬም ሲሰሙት አብረው የሚዘፍኑት ነው። በዚህ መለኪያ ከፊት የሚሰለፉት ኒኖ ብራቮና ዡዋን ማኑኤል ሴራት ናቸው፤ የሁለቱን ሸክላ የምትገዙበት መንገድ ግን ፈጽሞ አይገናኝም።

ኒኖ ብራቮ ከቫሌንሲያ አካባቢ ነው፤ የልደት ስሙ ሉዊስ ማኑኤል ፌሪ ይባላል። ሀብቱ ድምፁ ነው። ለአንድ ሰው የሚያወራ ያህል ዝቅ ብሎ ይጀምርና አዝማቹ ላይ ሲደርስ ቤቱን ይሞላዋል፤ ከፍ ይላል እንጂ አይጮህም። ስፓኒሽ የማይሰማ ሰውም ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። በ1972 የወጣው "ሊብሬ"፣ ማለትም "ነጻ"፣ ሃያ ዓመት ሊሞላው ስለተቃረበ፣ ቤቱ ከድንበር ወዲያ ስለቀረበት ወጣት ነው። የሽቦ አጥሩን ብረት ብቻ ነው ብሎ ይንቀዋል። መጨረሻ ላይ መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ ፈገግ እንዳለ ዝም ይላል፤ ደረቱ ላይ ደማቅ ቀይ አበቦች ይፈካሉ። ምን እንደደረሰበት ዘፈኑ አይናገርም፤ አበቦቹን አሳይቶ ይተዋችኋል። እኔ ይህን ስንኝ በተረዳሁበት ቀን ዘፈኑን ደግሜ ለመስማት አቅም አጥቼ ነበር።

የዚያው ዓመት ሥራ የሆነው "ኡን ቤሶ ኢ ኡና ፍሎር"፣ "አንድ መሳምና አንድ አበባ"፣ የስንብት ዘፈን ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስፔናውያን ለእንጀራ ብለው ወደ ጀርመን፣ ፈረንሳይና ስዊዘርላንድ በሚጎርፉበት ዘመን ነው የወጣው። ከአገሩ ርቆ የሚኖር አንባቢ ሻንጣው ቀላል፣ ልቡ ከባድ ሆኖ ስለሚሄድ ሰው የተዘፈነውን ለማወቅ ትርጉም አያሻውም። ኒኖ ብራቮ በሚያዝያ 1973 በመኪና አደጋ ሞተ፤ 28 ዓመቱ ነበር። ትቶልን የሄደው አምስት አልበም ነው፤ አምስተኛውም የወጣው ከሞተ በኋላ ነው።

ታላላቅ ዘፈኖቹ በእነዚህ አልበሞች ላይ ተበታትነው ስለሚገኙ ለጀማሪ የሚበጀው የስብስብ አልበም ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ በ1990ዎቹ የእሱ ድምፅ ላይ የሌሎች ዘፋኞች ድምፅ ተደርቦበት እንደ ቅብብሎሽ የተሠራ ስብስብ ወጥቷል። ሥራው በክብር የተሠራ ቢሆንም መጀመሪያ መሰማት ያለበት ብቻውን ሲዘፍን ነው። ከሽፋኑ ጀርባ ከእያንዳንዱ ዘፈን አጠገብ የሌላ ሰው ስም ካያችሁ መልሱት።

ሴራትን ግን በስብስብ አትግዙ። የባርሴሎና ልጅ ነው፤ በካታላንኛም በስፓኒሽም ዘፍኗል። በ1968 ስፔንን ወክሎ ዩሮቪዥን በተባለው የአውሮፓ አገሮች የዘፈን ውድድር ላይ "ላ ላ ላ"ን እንዲዘፍን ተመርጦ ሳለ በካታላንኛ ካልሆነ አልዘፍንም አለ። በምትኩ ዘፋኟ ማሲየል ተላከችና ለንደን ላይ እንግሊዛዊውን ዘፋኝ ክሊፍ ሪቻርድን በአንድ ነጥብ በልጣ አሸነፈች። የማሲየል ሸክላ የታሪክ ማስታወሻ ለሚሰበስብ ሰው ደስ ይላል፤ ለጆሮ ግን ሦስት ደቂቃ ፌሽታ ነው፣ ከዚያ አያልፍም። ሴራት ያን መድረክ ካጣ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1971፣ "ሜዲቴራኔዮ"ን አወጣ።

አልበሙ አሥር ዘፈን፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ የሚዘለል የለውም። መጠሪያው የሆነው ዘፈን ላይ ዘፋኙ ሞት የመጣ ቀን ከተራራ ጥግ፣ በባሕሩ ዳርቻና በሰማዩ መካከል ቅበሩኝ፣ ጥሩ እይታ እፈልጋለሁ ይላል። "አኬያስ ፔኬኛስ ኮሳስ" ሁለት ደቂቃ እንኳ የማይሞላ፣ መሳቢያ ውስጥ ስለተረሱ ትንንሽ ነገሮች የተዘፈነ ነው። "ፑዌብሎ ብላንኮ" ደግሞ ወጣቱ ጥሎት የሚሄደውን ደረቅ መንደር ያሳያል። እነዚህ ዘፈኖች በቅደም ተከተላቸው ሲሰሙ አንዱ ሌላውን ያስረዳል፤ ከስብስብ ውስጥ ነጥላችሁ ስታወጧቸው ግማሽ ኃይላቸውን ያጣሉ። የሴራት ድምፅ እንደ ኒኖ ብራቮ አይደለም፤ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ይደክማል። ያለ ግጥሙ ስለማይሰማ የግጥሙን ትርጉም ፈልጋችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡ። በ2014 የወጣው ትልቅ ስብስቡ ብዙ ዘፈኖችን እንደ አዲስ ከእንግዶች ጋር የተቀረጹ አድርጎ ይዟል፤ እሱ ለቆየ ወዳጅ ነው።

ሞሴዳዴስ የቢልባኦ የድምፅ ቡድን ነው። በ1973 ዩሮቪዥን ላይ ሁለተኛ የወጣበት "ኤሬስ ቱ" በቀጣዩ ዓመት አሜሪካ ውስጥ ቢልቦርድ በተባለው የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ ዘጠነኛ ደርሷል፤ ለስፓኒሽ ዘፈን ያኔ ብርቅ ነበር። ርዕሱን አማርኛ "አንተ ነህ" ወይም "አንቺ ነሽ" ብሎ መምረጥ ይገደዳል፤ ስፓኒሹ ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል። ደራሲው ሁዋን ካርሎስ ካልዴሮን የ"ሜዲቴራኔዮ"ን ቅንብር ከሠሩት አንዱ ነው። አሜሪካ የሚኖር ገዢ ትንሹን፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረውን ሸክላ በቀላሉ ያገኘዋል፤ አንዱ ገጽ ስፓኒሽ፣ ሌላው እንግሊዝኛ ነው። ስፓኒሹን ስሙ።

ከዘፋኟ ዣኔት የምመክረው አንዲት ትንሽ ሸክላ ብቻ ነው፦ የ1974ቱ "ፖርኬ ቴ ባስ"። ሆሴ ሉዊስ ፔራሌስ የደረሰው ይህ ዘፈን በሰፊው የታወቀው በ1976 የካርሎስ ሳውራ ፊልም ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ዜማው የሚያስጨፍር፣ ድምፁዋ የተከፋች ልጅ ድምፅ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚፈጠረው ስሜት ከጆሮ አይወጣም። ለአልበም ገንዘብ አታውጡ፣ ትንሿ ትበቃለች።

የዘመኑን እትም የምትፈልጉ ከሆነ ሽፋኑን ወይም የመሐል ወረቀቱን "ዴፖሲቶ ሌጋል" ለሚለው የሕጋዊ ምዝገባ ጽሑፍ ፈትሹ። ከእሱ ቀጥሎ የከተማዋ መነሻ ፊደል (የማድሪድ ወይም የባርሴሎና)፣ ቁጥር፣ ከዚያም ዓመት ይከተላል። 1971 ተብሎ የተሸጠላችሁ ሸክላ ላይ 1983 ከተጻፈ ድጋሚ እትም ነው፤ መጥፎ ነው ማለት ባይሆንም ዋጋው ዝቅ ማለት አለበት። እነዚህ ዘፈኖች በብዛት ስለታተሙ ብርቅ አይደሉም፤ ማድሪድ ውስጥ እሑድ ጠዋት ኤል ራስትሮ ገበያ ላይ በየሳጥኑ ይገኛሉ። ሸክላውን ከከረጢቱ አውጥታችሁ ብርሃን ላይ አጋድሙት። ጥፍር የሚይዘው ጭረት መርፌውን ያዘልለዋል፤ ዓይን ብቻ የሚያየው ጭረት አብዛኛውን ጊዜ አያስቸግርም። ትንሹ ሸክላ መሐሉ ሰፊ ቀዳዳ ከሆነ ሻጩን የፕላስቲክ ማጥበቢያውን ጠይቁት፤ ያለ እሱ ማጫወቻችሁ ላይ አይቀመጥም።