ለሯጭ ልጃችሁ ኮሌጅ ከመምረጣችሁ በፊት ይህን ድረ ገጽ ክፈቱ

ልጄ እዚህ ሜሪላንድ የሃይስኩል ሯጭ ናት። ትራክ ላይ 3,200 ሜትር ትሮጣለች፣ ትምህርት ሲከፈት ደግሞ አገር አቋራጭ። የኮሌጅ ወሬ ሲጀመር ደላሎቹም አብረው መጡ። "ልጅሽን ከአሰልጣኞች ጋር እናገናኛታለን" ይላሉ፣ ክፍያው በየወሩ ነው። ከአንዱ ጋር በስልክ አወራሁ። ስሙ ይቅር። ስለ ቪዲዮና ስለ ፕሮፋይል አወራልኝ። "ይሄ ኮሌጅ ለሴት ሯጮቹ ምን ያህል ያወጣል?" ስለው ወሬውን መልሶ ወደ ክፍያው ወሰደው።

መልሱ በነጻ ተቀምጧል። የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር "ኢክዊቲ ኢን አትሌቲክስ" የሚባል ገጽ አለው። ምዝገባ የለው፣ ክፍያ የለው። ታይትል ናይን የሚባለው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1972 ወጥቶ የፌዴራል ገንዘብ በሚያገኙ ትምህርት ቤቶች በጾታ ማበላለጥን ከለከለ። በ1994 ደግሞ ኮሌጆች የስፖርት ቁጥራቸውን በየዓመቱ እንዲገልጡ የሚያስገድድ ሌላ ሕግ ተጨመረ። ገጹ የዚያ ውጤት ነው።

የኮሌጁን ስም ትጽፋላችሁ። መጀመሪያ ስንት ወንድና ስንት ሴት ተማሪ እንዳለ ታያላችሁ። ቀጥሎ በየስፖርቱ የተሳታፊው ብዛት ይመጣል። ከዚያ ገንዘቡ፦ ስኮላርሺፕ፣ የአሰልጣኝ ደመወዝ፣ ተጫዋች ለመመልመል የወጣው፣ ሁሉም የወንድና የሴት ተብሎ ተለይቶ። እኔ ቶሎ የምሄደው ወደ ምልመላው መስመር ነው። ብሮሹር ላይ የሴቶች ፎቶ መደርደር ቀላል ነው፤ ሴት አትሌት ፍለጋ ብር ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። እርግጥ የአሜሪካ ፉትቦል ያለበት ኮሌጅ የወንዶቹን ቁጥር ሰማይ ያደርሰዋል፣ ያንን አስቡበት። ስኮላርሺፑ እኩል በእኩል መሆን የለበትም። ሕጉ የሚጠይቀው ከተሳታፊው ድርሻ ጋር እንዲመጣጠን ነው። ከአትሌቶቹ 45 በመቶ ሴት ከሆኑ የስኮላርሺፑም ድርሻቸው እዚያው አካባቢ መሆን አለበት።

አሁን ወደ እኛ ወደ ሯጮቹ ልምጣ፣ ጨዋታው ያለው እዚህ ነው። አገር አቋራጭ፣ የቤት ውስጥ ትራክ እና የውጭ ትራክ በተሳትፎ ቆጠራ ሦስት ስፖርት ናቸው። አንዲት ልጅ በሦስቱም ከሮጠች ሦስት ተሳታፊ ሆና ትቆጠራለች። በእውነት ከተወዳደረች ችግር የለውም፣ ሕጉም ይፈቅዳል። ግን ኮኔቲከት ያለው ኩዊኒፒያክ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቮሊቦልን ሊዘጋ ሲል ተጫዋቾቹ ከሰሱት። በ2010 ዳኛው የፈረደው ለእነሱ ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ ዩኒቨርሲቲው አገር አቋራጭ ሯጮቹን በትራኩም አስመዝግቦ ቁጥር መሙላቱ ነበር። ስለዚህ ከሰንጠረዡ ግርጌ፣ እያንዳንዱ ሰው አንዴ ብቻ የተቆጠረበት ረድፍ አለ። ያቺን ሳታዩ ገጹን አትዝጉ።

እኔ ከአምስት አራት ኮከብ እሰጠዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ከሴቶች ቡድን ጋር ልምምድ የሚሠሩ ወንዶች እንደ ሴት ቡድን ተሳታፊ ስለሚቆጠሩ ነው። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። ቅርጫት ኳስ ላይ ይህ የተለመደ ነው። ከዚህ ሌላ አንዳንድ ኮሌጅ ሦስቱን ሩጫ በአንድ ላይ ደምሮ ያቀርባል፣ ያን ጊዜ ለብቻ መለየት አይቻልም። ቁጥሩንም የሚልኩት ኮሌጆቹ ራሳቸው ናቸው።

የምታዩት ያለፈ ዓመት መሆኑንም አትርሱ። በፊት በዲቪዚዮን 1፣ ማለትም በከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ፣ ለአገር አቋራጭና ለትራክ በአንድ ላይ የስኮላርሺፕ ጣሪያው በአንድ ኮሌጅ ለሴቶች 18፣ ለወንዶች 12.6 ሙሉ ስኮላርሺፕ ነበር። በ2025 የጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት ያንን አንስቶ፣ ስምምነቱን በተቀበሉ ኮሌጆች የቡድኑን ብዛት ገደበ፦ ትራክ 45፣ አገር አቋራጭ 17 ሰው። የድሮው ሰንጠረዥ ላይ ትልቅ ቡድን አይታችሁ ቦታ አለ እንዳትሉ። አሰልጣኙን "ባለፈው ዓመት ለውድድር ይዛችሁ የተጓዛችሁት ስንት ሴት ነው?" ብላችሁ ጠይቁት።

ሃርቫርድን ወይም ዬልን ከፍታችሁ የስፖርት ስኮላርሺፑ ዜሮ ቢላችሁ አትደንግጡ። እነሱ ያሉበት አይቪ ሊግ የሚባለው የኮሌጆች ቡድንና ዲቪዚዮን 3 በስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም፣ ለወንዱም ለሴቷም። በአይቪ ሊግ የሚታየው የቤተሰብ ገቢ ነው፤ እንደኛ ላለ ቤት ደግሞ አንዳንዴ ይሄኛው ይሻላል።