ታኮማ ላይ የሚጫን ካምፐር፦ ሙሉው ወይስ ቀላሉ?

ቶዮታ ታኮማ ፒክአፕ ላይ ጣሪያው ወደ ላይ የሚነሳ ካምፐር (መኪናው ላይ ተጭኖ የሚታደርበት ክፍል) ለመግጠም ያሰበ ሰው ሁለት ምርጫ አለው። አንዱ ከነምድጃው፣ ከነውሃ ጋኑ ጭነት ቦታው ውስጥ የሚገባው ሙሉ ካምፐር ነው። ሌላው የጭነት ቦታው ጠርዝ ላይ የሚታሰር ቀላል ሽፋን ነው፤ ከላይ መኝታ፣ ከታች ባዶ።

መጀመሪያ የሹፌሩን በር ክፈቱና የተለጠፈውን የጭነት ልክ አንብቡ። እንደ ሞዴሉ ቢለያይም፣ ብዙዎቹ ከ450 እስከ 700 ኪሎ ገደማ ነው የሚፈቀድላቸው። ተሳፋሪውም እዚህ ውስጥ ይቆጠራል! ሙሉው ካምፐር ደግሞ ባዶውን ከ400 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ሁለት ሰው፣ 70 ሊትር ውሃ፣ ባትሪና ምግብ ጨምሩበት፤ አለቀ። ባሌስትራ ማጠናከር የኋላውን መዝቀጥ ያስተካክላል እንጂ የተፈቀደውን ልክ አያሳድግም። ይህን የሚያድበሰብስ ሻጭ ያናድደኛል።

አገጣጠሙም ይለያያል። ሙሉው በማጥበቂያ ሰንሰለት ከጭነት ቦታው ጋር ይወጠራል። የታኮማ ጭነት ቦታ ወለል ብረት ስላልሆነ፣ ማሰሪያው ከስር የብረት ማጠናከሪያ ይፈልጋል። ጥቅሙ፣ ጉዞ ሲያልቅ በጃክ አንስቶ ቤት ማስቀመጥ መቻሉ ነው።

እንደ ጎ ፋስት ካምፐር ያለው ቀላሉ 125 ኪሎ አካባቢ ነው። ምግቡ ግን ብዙውን ጊዜ ውጭ ይበስላል፤ ዝናብ ከመጣ ችግር ነው።

የኮሎራዶን ተራራ በክረምት የሚወጣ ሰው ሙሉውን ከነማሞቂያው ቢመኝ አይፈረድበትም። እኔ ግን ለታኮማ ቀላሉን እመርጣለሁ። ሙሉውን የፈለገ ትልቅ ፒክአፕ ይግዛ።